ስለ ቤትና ስለ ቦታ ደላላ ዋጋ፤ አወሳሰኑና አጠባበቁ

በሐርጌሳ ከተማ በዳሚ ሠፈር ቤቱን ለመሸጥ ወይም ክፍሉን ለማከራየት ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር ደላላ መጥራት ነው። ቤት የሚፈልገውም እንደዚሁ ያደርጋል። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን አማርኛ ተናጋሪው «ደላላ» ይለዋል፤ ሶማልኛ ተናጋሪው «ዲላል» ይለዋል። ስሙ አንድ እንደ ሆነ ሁሉ ሥራውም አንድ ነው፤ ይኸውም ሻጭንና ገዥን ፈልጎ ማገናኘት፥ በዋጋ ማስማማት፥ ስለ ድካሙም ገንዘብ መቀበል ነው። ይሁን እንጂ ይህ ገንዘብ ከምን ላይ እንደሚታሰብ፥ በየትኛው ቀን እንደሚገባው፥ ከማንስ እጅ እንደሚወጣ አስቀድሞ ጠይቆ ሥራውን የሚጀምር ሰው ጥቂት ነው። ብዙው ሰው «ከመቶ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅና በዚያው ያበቃል። ጉዳት የሚደርሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ በተጠየቀው በኩል ሳይሆን ባልተጠየቀው በኩል ነው።

ነገሩ ለዳሚ ሰው ከሌላው ሠፈር ይልቅ የከበደ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ዳሚ በብረት ሥራ፥ በቆዳ ሥራና በጸጉር አስተካካይነት የታወቁት የገቦዬ ወገኖች በብዛት የሚኖሩበት ሠፈር ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1988 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን በደበደበ ጊዜ የከተማው ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ፤ ከ1991 ዓ.ም. በኋላም ተመልሶ የፈረሰውን እንደገና ሠራ። ከተማው እያደገ በሄደ መጠን የቦታ ዋጋ አብሮ ወጣ። ስለዚህ በዳሚ የሚኖር አንድ ቤተ ሰብ ከትንሽ ቦታውና በላዩ ከሠራው ቤት በቀር ሌላ ሀብት የለውም ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። በሶማሌ ልማድ ደግሞ ክርክር የሚያልቀው በየጎሣው ሽማግሌዎች ፊት ነው። ጎሣው ብዙና ብርቱ የሆነ ሰው የተበላሸ ውል በሽማግሌ ሊያስመልስ ይችል ይሆናል፤ በቁጥርም በድምፅም አነስተኛ ከሆነው ወገን የተወለደ ሰው ግን ይህ መንገድ ይጠብበታል። የሚቀረው ደጋፊ የተጻፈ ወረቀትና የታመነ ምስክር ነው።

እንግዲህ የደላላ ዋጋ በምን በምን አኳኋን እንደሚወሰን ማየት ይገባል። የመጀመሪያውና የታወቀው በመቶኛ የሚታሰበው ነው። በአዲስ አበባ ለቤት ሽያጭ የቆየው ልማድ ከሻጭ ከመቶ 2፥ ከገዥም ከመቶ 2 መቀበል ነው። ለምሳሌ አንድ ቤት በ20,000 ዶላር ቢሸጥ ሻጩ 400፥ ገዥውም 400 ይከፍላሉ፤ ደላላው በጠቅላላው 800 ዶላር ያገኛል ማለት ነው። በሐርጌሳ የቤትና የቦታ ዋጋ የሚነገረው በዶላር ስለ ሆነ ምሳሌው በዚሁ ገንዘብ ተሰጠ። ሁለተኛው አኳኋን ቁርጥ ዋጋ ነው፤ ቤቱ በምንም ዋጋ ቢሸጥ ደላላው ይህን ያህል ይቀበላል ተብሎ ይቈረጣል። ይህ ለትንሽ ቤትና ለኪራይ ክፍል የተመቸ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ቅሬታ የሚያስነሣው ነው። ሻጩ «እኔ በእጄ 20,000 ይግባልኝ፤ ከዚያ በላይ ያገኘኸው ያንተ ነው» ይላል። ላይ ላዩን ሲታይ ለሻጩ የቀለለ ይመስላል፤ ምክንያቱም ከኪሱ የሚያወጣው ምንም ነገር የለም። ነገር ግን ደላላው ለገዥው ዋጋውን 23,000 ብሎ ቢነግርና ገዥው ቢስማማ፥ ልዩነቱ 3,000 ዶላር ሆነ፤ ይህም ሻጩ ከሚቀበለው ገንዘብ ከመቶ 15 ነው። ከመቶ 2 መክፈልን የጠላ ሻጭ ሳያውቀው ከመቶ 15 ከፈለ ማለት ነው። ገዥውም ቢሆን የቤቱን ዋጋ የከፈለ እየመሰለው ለደላላው ከፈለ። ከዚህ የተነሣ ደላላው ሻጭና ገዥ ፊት ለፊት ተገናኝተው እንዳይነጋገሩ ይጥራል፤ «ባለ ቤቱ ሥራ አለበት፥ እኔ እጨርስልሃለሁ» የሚለው ቃል በተደጋጋሚ የሚሰማው በዚህ ዐይነት ስምምነት ጊዜ ነው። ሻጩ ፈቅዶና መጠኑን ዐውቆ ያደረገው ከሆነ ነውር የለበትም። ሳያውቅ የተደረገበት እንደ ሆነ ግን የድለላ ዋጋ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ስም ይገባዋል።

የኪራይ ነገር ከሽያጭ ይለያል። በአዲስ አበባ ለኪራይ የደላላ ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ተከራዩ በመጀመሪያ ቀን ከሚከፍለው ገንዘብ ላይ ነው። ከዚህም የተነሣ አከራዩ የስድስት ወር ወይም የዓመት ኪራይ በቅድሚያ ሲጠይቅ የደላላው ድርሻ አብሮ ያብጣል፤ ደላላውም ረዥም ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቀውን አከራይ ይመርጣል። በኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቍጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፥ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። አዋጁ የተነሣው ተከራይን ለመጠበቅ ቢሆንም፥ ቅድሚያ ክፍያው ሲያጥር ከዚያ ላይ የሚታሰበውም የድለላ ገንዘብ አብሮ ይቀንሳል።

ስለ ደላላውም ቢሆን እውነቱን መናገር ይገባል። ደላላ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ይዞራል፤ ስልክ ይደውላል፤ ዐሥር ሰው ቤት ያሳያል፤ ከዐሥሩም አንዱ እንኳ ላይገዛ ይችላል። ላልተሳካው ድካም የሚከፍለው ሰው የለም። ስለዚህ ከተሳካው ሽያጭ የሚያገኘው ገንዘብ ያልተሳኩትንም የሚሸፍን ነው። በዚያውም ላይ ዋጋው ለአንድ ሰው የሚደርስ አይደለም። ሻጩን የሚያውቀው አንዱ፥ ገዥውን የሚያውቀው ሌላው፥ ሁለቱን ያገናኘውም ሦስተኛ ሲሆን፥ ከላይ የተነገረው 800 ዶላር ለሦስት ወይም ለአራት ይከፈላል። ለእያንዳንዱ 200 ዶላር በደረሰው ጊዜ፥ በዋጋው ላይ የተደበቀ ጭማሪ ለመጫን የሚገፋፋው ነገር ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ አያስቸግርም።

ሰው ሁሉ ልብ የማይለው አንድ ሌላ ነገር አለ። ደላላው በመቶኛ የሚከፈለው ስለ ሆነ ዋጋው እንዲወጣለት ለሻጩ አጥብቆ ይከራከርለታል ተብሎ ይታሰባል። ሒሳቡ ግን ይህን አያሳይም። ቤቱ ከ20,000 ወደ 21,000 ዶላር ቢወጣ የሻጩ ጥቅም 1,000 ነው፤ ደላላው ከሻጩ በኩል የሚጨመርለት ግን 20 ዶላር ብቻ ነው። ለ20 ዶላር ብሎ የተዘጋጀውን ገዥ አምልጦት እንዲሄድ የሚፈቅድ ደላላ ጥቂት ነው። ስለዚህ ደላላ አጥብቆ የሚፈልገው ውሉ ቶሎ እንዲያልቅ ነው። ይህ ክፋት አይደለም፤ የአከፋፈሉ ጠባይ ያመጣው ነው። ሻጭም ገዥም ይህን ዐውቆ የደላላውን ምክር በዚያው ልክ ሊመዝነው ይገባል።

ሕግ ስለዚህ ሥራ ምን ይላል? የኢትዮጵያ ሕግ በሐርጌሳ ኀይል የሌለው ቢሆንም በአማርኛ ተጽፎ የሚገኝ ስለ ሆነ ነገሩን ለማስተዋል ይረዳል። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ደላላን፥ ራሱን ችሎ፥ ሙያው አድርጎና ጥቅም ለማግኘት ብሎ ተዋዋዮችን ፈልጎ የሚያገናኝ ሰው ነው በማለት ተርጕሞታል፤ ከነጋዴዎችም ቈጥሮታል። የዚህ ሕግ የነጋዴዎችና የንግድ ማኅበራት ክፍል በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1243/2013 ተተክቷል። በመካከሉ የደላላነት ሥራ ከባድ ዘመን አልፎበታል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሀብት ባደረገ ጊዜ፥ ግለ ሰብ ቤቱን ማከራየት ስለ ተከለከለ፥ የኪራይ ደላላ ሥራ ከግልጽ ገበያ ጠፋ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ገበያው ተመለሰ፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን መሬት አይሸጥም አይለወጥም ተብሎ ተደነገገ። ስለዚህ በአዲስ አበባ የሚሸጠው በሕግ ዐይን ቤቱ ነው፤ በሐርጌሳ ግን ባዶ ቦታ ራሱ ይሸጣል።

ከንግድ ሕጉ ይልቅ ለደላላ ዋጋ የበለጠ የሚያስፈልገው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በቍጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም ይላል፤ በቍጥር 1723ም ውሉ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲሆን ያዛል። በቍጥር 1720 ደግሞ የታዘዘውን አጻጻፍ ያልጠበቀ ውል እንደ ረቂቅ ብቻ እንደሚቈጠር ተነግሯል። እንግዲህ በሻይ ቤት ተጨባብጦ፥ ደላላውን መርቆና ዋጋውን ከፍሎ የሄደ ገዥ፥ የድለላውን ገንዘብ የከፈለው ለረቂቅ ነው። ቤቱ የእርሱ ሳይሆን የደላላው ዋጋ አልቋል።

ቀብድም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቍጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ፥ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሰው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ይህ ሁሉ በሻጭና በገዥ መካከል ነው። ደላላው ግን በቀብዱ ቀን ከቀብዱ ላይ ድርሻውን አንሥቶ ከሆነ፥ ውሉ በፈረሰ ጊዜ ገንዘቡ ከማን ይመለሳል? ሻጩ እጥፉን ሊከፍል ተገድዶ የደላላውን ድርሻ ከራሱ ሊጨምር ነው። በመሆኑም ደላላ ከቀብድ ላይ አንዳች እንዳያነሣ፥ ቀብዱም በደላላው እጅ እንዳያድር ማድረግ ከሁሉ የሚቀድም ጥንቃቄ ነው። በእንግሊዝ አገር በ1979 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የቤት ደላሎች ሕግ፥ ደላላ ከገዥ የተቀበለውን መያዣ ከራሱ ገንዘብ ጋር እንዳይቀላቅል፥ በተለየ የባንክ ሒሳብ በአደራ እንዲያስቀምጥ ያስገድዳል። ይኸው ሕግ ደላላው የሚቀበለውን ዋጋ አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያስታውቅ፥ በሚሸጠውም ቤት የግል ጥቅም ካለው እንዲገልጽ ያዛል።

ዋጋው መቼ ይገባዋል ለሚለው ጥያቄ የጀርመን ፍትሐ ብሔር ሕግ አጭር መልስ አለው፤ ይኸውም በደላላው ጥረት ምክንያት ውሉ በተፈጸመ ጊዜ ነው። ጥረት ብቻውን፥ ውሉ ካልተፈጸመ፥ አያስከፍልም። ውል ተፈጽሞም በደላላው ምክንያት ካልሆነ አያስከፍልም። በእስላም ሕግም «ጁዓላ» የተባለው የዋጋ ዐይነት ሥራው ሲፈጸም የሚከፈል እንጂ ለጅምር የሚሰጥ አይደለም፤ ስለዚህ ይህ ሐሳብ ለሐርጌሳ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ ደግሞ በቅርቡ ብዙ አገሮችን አከራክሯል። በጀርመን አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለኪራይ ቤት የሚከፍለው ደላላውን የጠራው ሰው ነው፤ ከዚያ በፊት አከራዩ የጠራው ደላላ ዋጋውን ከተከራዩ ይቀበል ነበር። ከ2020 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በመኖሪያ ቤት ሽያጭ፥ አንዱ ወገን ብቻ በጠራው ደላላ ምክንያት ሌላው ወገን ከግማሽ በላይ እንዲሸከም ማድረግ ተከልክሏል። በአሜሪካ ደግሞ የገዥው ደላላ ዋጋ በሻጩ በኩል ሲከፈል ኖሮ፥ ሻጮች በፍርድ ቤት ከሰሱ፤ የአገሩ የቤት ደላሎች ማኅበርም በ2024 ዓ.ም. 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከዚያ ዓመት ነሐሴ ወር ጀምሮ የገዥው ደላላ ቤት ከማሳየቱ አስቀድሞ ዋጋውን የሚገልጽ የጽሑፍ ውል ከገዥው ጋር መፈራረም አለበት። ከእነዚህ ሁሉ የሚታየው አካሄድ አንድ ነው፤ መንግሥታቱ መቶኛውን ቈርጠው ከመወሰን ይልቅ ማን እንደ ጠራው፥ ለማን እንደሚሠራና ስንት እንደሚቀበል በጽሑፍ እንዲታወቅ አደረጉ።

ይህም ለአካባቢ ሹማምንት የሚጠቅም ነጥብ ነው። አንዳንድ ጊዜ «ማዘጋጃ ቤቱ የደላላን ዋጋ ከመቶ ይህን ያህል ብሎ ይቍረጥ» የሚል አሳብ ይሰማል። ከላይ እንደ ተነገረው ትልቁ ገንዘብ የሚሄደው በዋጋው ላይ በሚጫነው በተደበቀው ልዩነት ነው፤ መቶኛውን ቢቀንሱት ልዩነቱ ያድጋል እንጂ አይጠፋም። የሚሻለው ደላላ በስሙ እንዲመዘገብ፥ በሽያጩ ወረቀት ላይ የደላላው ስምና የተቀበለው ዋጋ እንዲጻፍ ማድረግ ነው። በኬንያ የቤት ደላላ በተቋቋመው ቦርድ ሳይመዘገብ እንዳይሠራ የሚከለክል ሕግ አለ። በሶማሌላንድ በ2001 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣ የከተማ መሬት አስተዳደር ሕግ ቍጥር 17 አለ፤ ሽያጭም ብዙ ጊዜ በውል አዋዋይ ፊት ይጻፋል። በዚያ ወረቀት ላይ ስለ ደላላው ሁለት መስመር መጨመር አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልገውም። ሻጩ የተቀበለውና ገዥው የከፈለው ገንዘብ በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ከተጻፈ፥ በመካከል የቀረውን ማንም ያየዋል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ሐሰተኛ ዋጋም አንድ ቃል ሊነገር ይገባል። ግብር ለማሳነስ ሲባል በውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ መጻፍ በአዲስ አበባ የታወቀ ልማድ ነው፤ ብዙ ጊዜም መካሪው ደላላው ነው። የራሱን ዋጋ ግን የሚቀበለው ከእውነተኛው ላይ ነው። ቦታው የሌላ ሰው ሆኖ ተገኝቶ ሽያጩ የፈረሰ እንደ ሆነ፥ ገዥው በወረቀት ሊያስረዳ የሚችለው የተጻፈውን ትንሹን ዋጋ ብቻ ነው።

ከደላላ ጋር የሚደረገው ውል ረዥም መሆን አያስፈልገውም። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደሚባለው፥ ግማሽ ገጽ ይበቃዋል። የቤቱ ወይም የቦታው ምልክት፥ ደላላውን የጠራው ማን እንደ ሆነ፥ ዋጋው በመቶኛ ወይም በቍርጥ ስንት እንደ ሆነ፥ ከሌላው ወገንም የሚቀበል ከሆነ ይኸው በግልጽ፥ የሚከፈልበት ቀን፥ የደላላነቱም ጊዜ የሚያበቃበት ወር ይጻፍ። ስለሚከፈልበት ቀን ከተነሣ፥ ግማሹ ውሉ በውል አዋዋይ ፊት በተፈረመ ጊዜ፥ ግማሹ ንብረቱ በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ በገዥው ስም በዞረ ጊዜ ቢባል ሁለቱንም ወገን ያስማማል። ደላላው ግማሹን ዋጋ ገና ሲጠብቅ የስም ዝውውሩን እርሱ ራሱ ይሮጥበታል። ሻጩ የሟች ወራሽ ከሆነ፥ ሌሎቹ ወራሾች ሁሉ ካልፈረሙ ዋጋው አይከፈልም የሚል ቃል ይጨመርበት። በዳሚ የቦታ ወረቀት በአባት ወይም በአያት ስም የቀረበት ቤት ቢገኝ ይህ ቃል ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል።

ክፍያው በስልክ በዛድ የተላከ እንደ ሆነ የስልኩ መልእክት ገንዘቡ መሄዱን ያስረዳል፤ ለምን እንደ ሄደ ግን አይናገርም። ስለዚህ ደላላው «የዚህን ቤት የድለላ ዋጋ ተቀብያለሁ» ብሎ በሁለት ምስክር ፊት ይፈርም።

ሁለት ደላሎች «ገዥውን መጀመሪያ ያመጣሁት እኔ ነኝ» ብለው የተጣሉ እንደ ሆነ፥ ባለ ቤቱ ሁለት ጊዜ እንዲከፍል አይገባም። ሽማግሌዎች ሊጠይቁ የሚገባቸው ማን አስቀድሞ እንዳሳየ ሳይሆን ውሉ በማን ጥረት እንደ ተፈጸመ ነው፤ ሁለቱም ካገዙ አንዱን ዋጋ ይካፈሉት። የኪራይ ውል በታደሰ ጊዜም ደላላው ሌላ ዋጋ ሊጠይቅ የሚችለው በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ተጽፎ ከሆነ ብቻ ነው፤ ካልተጻፈ ግን ተከራይና አከራይ ራሳቸው ተነጋግረው ያደሱት ውል ስለ ሆነ የሚከፈል የለም።